ስለ ታችኛው በር ሬዲዮ

ለድንጋይ ማምረቻችን የመገናኛ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም፣ እንዲሁም በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ስምንት ወር ያለፈው ቢሮዎ፣ ሁላችሁም በጤና እንደሰነበታችሁ እመኛለሁ። እኔ የታችኛው በር ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት መንገዱን ዘግቼ፣ ሰው መኖር አለመኖሩን አይቼ፣ በእጅ ሬዲዮ «ነጻ ነው» ወይም «አቁሙ» ማለት ነው። ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በእጅዎ ልሰጥዎ አምስት ጊዜ መጥቼ ስላጣሁዎት ስለሆነ፣ በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ሬዲዮዎቻችንን ሰብስበው አዲስ ፕሮግራም ስላስጫኑልን አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሬዲዮዬ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ጥርት አድርጎ ያሰማኛል፤ እኔ ስናገር ግን ቀዩ መብራት ይበራል እንጂ የሚሰማኝ የለም።

፪. ቴክኒሻንዎም አልሰነፈም። ባትሪ ቀየረ፣ አንቴና ቀየረ፣ ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው «መሣሪያው አልተገኘም» ስላለው ገመዱን ሲወዘውዝ ዋለ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን አገኘና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቋል፤ ሲሰናበት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ሬዲዮዬን በጨርቅ ወልውሎ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ለጥፎ መለሰልኝ። ስለ ንጽሕናው ምስጋናዬ ይድረሰው።

፫. የሎደር ኦፕሬተራችን ድሮ ሬዲዮ ይጠግን ነበርና የእሱንና የእኔን ጎን ለጎን አድርጎ በስክሪናቸው ላይ የሚታየውን ቁጥር አሳየኝ። ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ድምፃችንን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው አብሮት የሚላከውን የኮድ ቁጥር ሲያውቀው ነው። የሁሉም ቁጥር አንድ ነው፤ የእኔ ብቻ ይለያል። «ጋሼ፣ ሌላ ችግር የለበትም፤ ይቺ ቁጥር ብቻ ናት። ቢከፍቱት ሁለት ደቂቃ አትፈጅም» አለኝ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። «ገቢ ሆኗል» ብላ ማኅተም መታችበት። እጅግ ያማረ ማኅተም ነው።

፬. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እዚሁ ድንጋይ ትመርጣለች። ባለፈው ወር ማክሰኞ ጠዋት ጥሩምባው ተነፍቶ ሁሉም ሲወጣ፣ ጓደኞቿን ቆጥራ አንዲት ጆሮዋ የሚከብድ ሴት አጣች። ሴትየዋ በሌላ በኩል ወጥታ ኖሯል። እህቴ ግን ይህን ስላላወቀች ልትፈልጋት ተመለሰች። ከበሩ ሆኜ አየኋት። ሬዲዮውን ተጭኜ «አቁሙ! ሰው አለ! አቁሙ!» አልኩ።

አፈንጂው «ታችኛው በር፣ ነጻ ነው?» ሲል ሰማሁት። ባለኝ ድምፅ ሁሉ መለስኩለት። ደግሞ ጠየቀ። ደግሜ ጮኽኩ። ከዚያ ፎርማኑ፣ «የእሱ ሬዲዮ እንደሆነ ተናግሮም አያውቅ፤ ቀጥል» አለው።

ይህንንም ጥርት አድርጎ አሰማኝ። ሬዲዮውን ጥዬ ሮጥኩ፤ ግን አልደረስኩም።

ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። ሐኪም ቤት ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያቺ ሴትዮ ተገኘች?» ብላ ነው።

፭. በፊርማዎ ለወጣው የምርመራ ውጤትም አመሰግናለሁ። «የታችኛው በር ጠባቂ ማስጠንቀቂያ አላስተላለፈም» ይላል። እውነት ነው፣ አልተላለፈም። የጽሑፍ ተግሣጹንም በወቅቱ ተቀብያለሁ፤ ከዚህ ክፍል በወቅቱ የደረሰኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እንዲያስተካክሉልኝ የምጠይቅዎ ነገር የለም። መጠየቅ ታክቶኛል። እህቴ «ተወው፣ ራስህን አታድክም» ትለኛለች፤ እኔም ይህን የጻፍኩት አላየሁም፣ አልሰማሁም እንዳይሉ ብቻ ነው።

የወንበርዎን ምቾትና የስብሰባዎን መርዘም ከልብ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ የምነሳው

የታችኛው በር ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሬዲዮዬን እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ምክንያቱ «በመዝገብ እንደሚታየው በዚህ ሬዲዮ ለስምንት ወር አንድም መልእክት ስላልተላለፈ» የሚል ነው። ያው ሬዲዮ ለላይኛው በር አዲስ ጠባቂ ተሰጥቷል። ሄጄ ድምፁን እንደማያስተላልፍለት ነገርኩት። ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ አዳመጠና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ይፈነዳል።