ከቅሬያችን የተዋሱት ድንኳን

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ የቀይ ዋርካ ቀበሌ ሴቶች፣ የእርስዎን ጥሪ እየጠበቅን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ባለፈው ጥቅምት የማህፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ዘመቻ ብለው ከነባነሩና ከነድምፅ ማጉያው ሲመጡ፣ ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ቅሬያችን ድንኳኑን ያዋሰዎት በሙሉ ደስታ ነበር። ስለ ዘመቻው ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ድንኳኑ በገበያ ቀን ከበግ ተራው አጠገብ ተተክሎ፣ ሴቶች በአማቶቻቸውና በንስሐ አባቶቻቸው ፊት ለማህፀን ምርመራ እንዲሰለፉ በድምፅ ማጉያ መጠራታቸው የማይረሳ ክብር ነው። አብዛኞቹ ተከናንበው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ የሴቶቹ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው ብሎ ሪፖርት አድርጎልናል። ስለ ትጋቱ እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ታላቅ እህቴ እታገኘሁ ግን ልጆቿን አስባ፣ እፍረቷን ውጣ ገባች። ሲስተር ሄለን መርምራ ምልክት አገኘችባት። ገና ካንሰር እንዳልሆነ፣ ጤና ጣቢያው ባለው በቅዝቃዜ የሚያክም መሣሪያ በአንድ ቀን ታክማ እንደምትገባ፣ ከዘገየች ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል በደንብ አስረዳቻት። መሣሪያው አለ፣ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ግን የለም። ሲመጣ እንጠራሻለን ተባለች። ይኸው ሰኔ ገባ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ያለ ጊዜው ደም ማየት ጀምራለች።

፫ኛ፦ ጋዙ ለምን እንደቀረ ስንጠይቅ የደሴው መንገድ ስለተዘጋ ነው ተባልን። እንግዲያው የት ትታከም ብንል፣ ደሴ ትሂድ ተባልን። መንገዱ ለጋዝ ተዘግቶ ለታማሚ የሚከፈትበትን ሰዓት ቢያሳውቁን፣ ስንቋን ቋጥረን እንሸኛት ነበር። ለሴቶች ቀን የተሠራው አዲስ ባነር ግን በዚያው መንገድ ሲመጣ በዓይናችን አይተናል። ቀድመው ይመርመሩ፣ ሕይወትዎን ያትርፉ ይላል። እህቴ ቀድማ ተመርምራለች። የቀረው የእርስዎ ድርሻ ይመስለኛል።

ክቡርነትዎ፣ እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ። እህቴ ልጆቿን ማን እንደሚያሳድግላት ማንም ሳይጠይቃት ስታወራ እየሰማሁ፣ የአክብሮት ቃል መምረጥ ታክቶኛል።

ጽሕፈት ቤትዎን ደጅ በመጥናት የበረታሁ፣ ስብሰባዎ እስኪያልቅ መጠበቅን የተማርኩና ለዚህም ትምህርት ውለታዎን የማልረሳ፣

የኔአለም ይሄነው
የእታገኘሁ ታናሽ እህት፣ የቅሬው ዕቃ ቤት ኃላፊ

ማስታወሻ፦ የተዋሱት ድንኳን እስካሁን አልተመለሰም። ጋዙ በቅርቡ የሚመጣ ከሆነ ግድ የለም፣ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። የማይመጣ ከሆነ ግን እባክዎ ይመልሱልን፤ ለእታገኘሁ እንፈልገዋለን።