የወይዘሮ ፕዮ ሱንሬ ዋና ሐዘንተኛ ልጃቸው ናቸው

የኡንሃ ወረዳ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሩን ወይዘሮ ፕዮ ሱንሬን ትናንት ማክሰኞ ጠዋት በድንገተኛ የጭንቅላት ደም መፍሰስ አጥቷል። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ያረፉት በበርበሬ ወፍጮ ቤታቸው፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ነው። የማኅበራችን ሐዘን ከባድ ነው፤ ከሐዘኑ ጋር የሚያንገበግበን ሌላ ነገር አለና እሱንም ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን። ዋና ሐዘንተኛዋ፣ ማለትም ከሟች ፎቶ ጎን ቆመው እጅ የሚነሳውን ለቀስተኛ ሁሉ የሚቀበሉት፣ ታላቅ ልጃቸው ወይዘሪት ባንግ ሃራን ናቸው። ሌላ ማንም አይደለም። ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገ እንመጣበታለን።

ወይዘሮ ሱንሬ የተወለዱት ከፕዮ ጎሳ፣ የተዳሩት ለባንግ ጎሳ ነው። መቼም ኡንሃ ውስጥ ከሁለቱ ያልተወለደ ወይም ለሁለቱ ያልተዳረ ሰው ቢገኝ ወይ መምህር ነው ወይ የአውቶቡስ ሹፌር። በርበሬ ያላስፈጨ፣ የሰሊጥ ዘይት ያላስጨመቀ ቤት ስለሌለ ደግሞ ወፍጮ ቤታቸው ያልገባ ሰው የለም። ሴቱ ዱቄቱን እየጠበቀ የልቡን ያወራ ነበር፤ እርሳቸው ሰምተው ዝም ይሉ ነበር። ዝም ማለታቸው እንኳ ትልቅ አገልግሎት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ የመንገድ መብራት አስተከሉ። ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ስም የሌላ ሰው ነው፤ ከቢሮ ቢሮ የሮጡት ግን እርሳቸው ናቸው።

በ2008 የወረዳው ብቸኛ የማዋለጃ ክፍል ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እርጉዞቻችን ምጥ ይዟቸው ተራራውን በመኪና ይሻገራሉ፤ መንገድ ላይ የወለዱ አባላት አሉን። ወይዘሮ ሱንሬ ክፍሉን ለማስከፈት ወደ ወረዳው ምክር ቤት ተመላለሱ። አባላቱ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ጨዋዎች ነበሩ፤ በሄዱ ቁጥር ሻይ አቀረቡላቸው። አንድ ቀን ከዚያ ተመልሰው ወፍጮውን እያስነሱ፣ «ሻይ ጠጥቼ ጠጥቼ ሆዴ ተነፋ። ከእንግዲህ ወንበሩ ላይ እኔው ነኝ የምቀመጠው» አሉ። የሰማን ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም።

በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤት ተወዳደሩ። በኡንሃ ሰው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የጎሳ ሽማግሌዎች በአዳራሻቸው ተቀምጠው አንድ ሰው ይሰይማሉ፤ ቤተሰቡም ያንኑ ይከተላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አባታቸው ጎሳ ሄዱ። የፕዮ ሽማግሌዎች፣ «አንቺማ ዓይናችን ነሽ፤ ግን ተድረሽ ወጥተሻል። ወንበሩን ለባንግ አንሰጥም» አሏቸው። ወደ ባላቸው ጎሳ ሄዱ። የባንግ ሽማግሌዎች ደግሞ፣ «ውድ ምራታችን ነሽ፤ ግን ስምሽ ፕዮ ነው» አሏቸው። ወይዘሮዋም፣ «በየበዓሉ ሳህን ሳጥብላችሁ ግን ባንግ ነበርኩ» ብለው ወጡ። ገበያ ላይ፣ «ለባሏ እራት ማን ሊሠራለት ነው?» ተባለ። ባላቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ኧረ ሾርባ ማሞቅ አያቅተኝም፣ ለእኔ አትጨነቁ» ብለው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ተሸንፈው በ2014 እንደገና ተወዳደሩ። ባላቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያኔ «ለባሏ እራት ማን ሊሠራለት ነው?» ያለው አፍ፣ «ባል የሌላት ሴት በየሰው ቤት ምን ታንኳኳለች?» አለ። ያው አፍ ነው፤ ባለቤቱን እናውቀዋለን፤ ሐዘን ላይ ስለሆንን ስሙን አንጠራም።

ዘንድሮ በ2018 ማንንም ላለመለመን ወስነው ነበር። የባንግ ጎሳ አለቃ የሆኑት የባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ባንግ ማንሆ ግን በክረምቱ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጡ። የማኅበራችን ምክትል ሊቀ መንበር ወይዘሮ ማ ኦክቡን በርበሬ እያስፈጩ ነበሩና በጆሯቸው ሰምተዋል። «ሱንሬ፣ እስከ ዛሬ በድለንሻል። ዘንድሮ የባንግ ድምፅ ያንቺ ነው። እኔ ማንሆ አልኩ!» ወይዘሮ ሱንሬ አለቀሱ። ከሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እኛም አመንን፤ ምርጫው ያለቀ መስሎን እርስ በርስ እንኳን ደስ አለን ተባባልን።

በጸደይ ወንዶቹ የአያቶቻቸውን መቃብር ለማክበር ወደ ጎሳው ተራራ ወጡ። ሴቶች ምግቡን አዘጋጅተው ይሰጣሉ እንጂ በመቃብሩ ፊት ከሚሰለፉት ጋር አይቆሙም። ከጸሎቱ በኋላ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው የአቶ ማንሆን ልጅ፣ አቶ ባንግ ዶንግዩን፣ እጩ አድርገው ሰየሙ። ለወይዘሮ ሱንሬ የነገራቸው ሰው የለም። ያወቁት ከወፍጮ ቤታቸው ፊት ለፊት የአቶ ዶንግዩ ፎቶ በትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ሲያዩ ነው። ስልክ አነሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ልጄ ነውኮ፣ ሱንሬ። ምን ላድርግ?»

«እኔስ የማን ነኝ?»

አቶ ማንሆ ስልኩን ዘጉ። ወይዘሮዋ በማግስቱ የቅስቀሳ ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከቅስቀሳው አልቀሩም። ለቅሶው በተቀመጠበት ቀባሪ ቤት ውስጥ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት የምታዩት ፎቶም ለምርጫው የተነሱት ነው። ሌላ ጥሩ ፎቶ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ወደ ትናንቱ እንምጣ። ሟች ሁለት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የላቸውም። በልማዱ እንዲህ ሲሆን የባል ወንድም ልጅ ዋና ሐዘንተኛ ይሆናል ተብሎ አቶ ዶንግዩ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የሐዘንተኛውን ምልክት ክንዳቸው ላይ አስረው ከፎቶው ጎን ቆሙ። የወረዳው ሰው በሙሉ ለቅሶ እየገባ እጅ ሲነሳ፣ የእያንዳንዱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አክስቴ የጀመሩትን እኔ እጨርሰዋለሁ» ይሉ ነበር። ለእያንዳንዱ!

ወይዘሮ ኦክቡን አላስቻላቸውም። «አንተ ልጅ፣ የምታለቅሰው በየትኛው ዓይንህ ነው? አንዱ እንኳ አልረጠበም!» አሉ።

ወይዘሪት ሃራን ግን ድምፃቸውን ሳያሰሙ ወደ አባታቸው ታላቅ ወንድም ወደ አቶ ማንሆ ቀረቡ። «ትልቁ አባባ፣ ምልክቱን ይስጡኝ። እናቴን የምቀብረው እኔ ነኝ።»

«ተይ ልጄ፣ ሰው እየሰማ ነው። ይሄ የጎሳ ጉዳይ ነው።»

«እናቴን ስሟ ፕዮ ነው ብላችሁ ገፋችኋት። የእኔ ስም ባንግ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት። አሁንስ ምን ጎደለኝ?»

ለለቀስተኛ የቀረበውን ሾርባ ይጠጣ የነበረው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። አቶ ማንሆ ልጃቸውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ።

«አንቺማ ነገ ታገቢያለሽ» አሉ።

ማኅበራችን ያን ጊዜ ገባው። ስሙም፣ ትዳሩም፣ ባሉም ምክንያት አልነበረም። ወይዘሮ ሱንሬ አንዱን በር ሲዘጉባቸው ወደ ሌላው በቅንነት ሲሄዱ፣ ከበሮቹ በስተጀርባ አንድ ክፍል ብቻ ነበረ፤ የተቀመጡትም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

አቶ ዶንግዩ ምልክቱን አልፈቱም። የቀባሪ ቤቱ ሠራተኛ ሌላ ሰጡን፤ ወይዘሮ ኦክቡን በወይዘሪት ሃራን ክንድ ላይ አሰሩላቸው። ስለዚህ ዛሬ ከፎቶው ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ቆሞ ታገኛላችሁ። እጅ የምትነሱት ከፎቶው በስተግራ ለቆሙት ነው። በስተቀኝ ያሉት ቅስቀሳ ላይ ናቸው።

በምርጫው ማን ይተካቸዋል እያላችሁ ለምትደውሉልን፣ ወይዘሪት ሃራን የሰጡን መልስ «መጀመሪያ እናቴን ልቅበር» የሚል ነው። ማኅበሩ ይህን ያከብራል። እስከዚያው የአክስቴን ቃል ወርሻለሁ የሚል ሰው በሟች ስም ድምፅ እንዲለምን ማኅበሩም ልጆቻቸውም አልፈቀዱም።

ቀብሩ ነገ ሐሙስ ጠዋት ነው። አስከሬኑ በወፍጮ ቤቱ በኩል አልፎ፣ ወይዘሮዋ በሕይወታቸው እንደተናዘዙት በባንግ ተራራም በፕዮ ተራራም ሳይሆን በወረዳው የሕዝብ መቃብር ያርፋል።

ለወይዘሪት ባንግ ሃራንና ለታናሽ እህታቸው፣ ለወፍጮ ቤቱ ደንበኞች፣ ተራራውን እየተሻገሩ ለወለዱና ገና ለሚሻገሩ እናቶች ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል።

ለፕዮና ለባንግ ጎሳዎች የምናቀርበው የማጽናኛ ቃል የለንም። የላካችኋቸውን ትልልቅ የአበባ ጉንጉኖች ከአዳራሹ አውጥተን መኪና ማቆሚያው አጠገብ ደርድረናቸዋል። ነገ አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት መጥታችሁ ውሰዱ፤ መንገዱን ዘግተዋል።

የኡንሃ ወረዳ የሴቶች ማኅበር