የዘለልኩት ምት

ጥቅምት 4
ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ዕድሜ ልክ የድራም ፔዳል ስረግጥ ኖሬ ያተረፍኩት ይሄን ነው። ጠዋት በረዶ ይዤበት ተኛሁ፣ ከሰዓት እህቴ ቤት ሄድኩ። የኮንሰርታችን ዲቪዲ ተቀናብሮ መጥቷል... እንየው ተባለ። ባሏ ትልቁ ሶፋ ላይ ብቻውን ተንሰራፍቷል። አማቼ፣ የባንዱ መሪ፣ ጊታሪስቱ። እኔ እዚህ ደብተር ላይ «ጌቶች» ነው የምለው። ለእኔ የልጆቹ ዱካ ደረሰኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን አየን። ጣቱ፣ አገጩ፣ ላቡ፣ እንደገና ጣቱ። እኔማ በሲምባሎቹ መሀል ራሰ በራዬ አንድ ሁለቴ ብልጭ አለ። «ፕሮግረሲቭ ሮክ የጣት ሙዚቃ ነው» ይላል። ይበል። አብረን ስንጫወት ሸበትን፣ በፊልም የተቀረጽነው ግን ይሄን አንድ ምሽት ብቻ ነው። ከእኔም የሚቀረው ይሄው ነው።

ጥቅምት 5
ትናንት ዋናውን አልጻፍኩም። 

ሃያ ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን አለን፣ እኛ «ረጅሙ» እንለዋለን። መሀሉ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ጊታርና ድራም ብቻ ይቀራሉ። በሰባት ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ ጊታሩ ያርፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ ሰባቱን ጨርሼ ወደ «አንድ» ስመለስ እሱ ይገባል። እዚያ ስንደርስ ጌቶች ቴሌቪዥኑን አቆመው።

«ሰማህ? አንድ ምት በላህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? አይዞህ፣ ዕድሜ ነው። ስቱዲዮ ገብተህ ድራሙን እንደገና ትቀዳዋለህ። ካቃተህ ሌላ ሰው ይመታዋል። መልክህ እንደሆነ ይቀራል።»

መልኬ ይቀራል! በእኔ ፊት የሌላ ሰው ድራም!

ደግሞ ሰባት ላይ ዘው ያለው እሱ ነው። እንደ ልማዱ ተጣደፈ። እኔ ሰባተኛዋን ምት ዋጥ አድርጌ አብሬው ወደ «አንድ» ገባሁ... ሰው እንዳያውቅበት። ስንት ዓመት እንዲህ ሸፈንኩለት? ማንስ ሸፍንለት አለኝ? አንድም ቀን አልነገርኩትም። የሚያውቅም አይመስለኝም። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ጥቅምት 8
አልደወለም። እኔም አልደውልም። ዓይኑ ላፈር።

ጥቅምት 11
እህቴ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ ገብተህ ቅዳለት። ቤቱን ሲኦል አደረገው እኮ።»

«ያጠፋው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አውቃለሁ አልኩህ። ቤት ሲለማመድም ይሮጣል። ግድግዳው ሳይቀር ያውቃል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እሷንም ጠላኋት... እስከ ምሳ ሰዓት። አንተስ ትለኛለች! ግን እኔስ?

ጥቅምት 15
ስቱዲዮ ገባሁ። ጌቶች የሉም፣ ሲያልቅ ነው የሚሰሙት። የድምፅ ባለሙያዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። እንዴት ልምታው አልኳት።

«እንደተጻፈው ይምታው ብለውኛል።»

እንደተጻፈው! በደስታ። ሰባቱን ሰባት አድርጌ መታሁት፣ ለማንም ብዬ አንዲት ምት ሳልውጥ። የኮንሰርቱ ጊታር ብቻውን ቀድሞ ሲደናበር በሄድፎኑ ሰማሁት። ሴትየዋ በመስታወቱ አሻግራ አየችኝ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደተጻፈው አላሉሽም?»

ክፋት ነው? አዎ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 17
ጌቶች መጡ። ከድምፅ ባለሙያዋ ጋር ሦስታችን ጠባቧ የስቱዲዮ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ቦታው ደረሰ። ስክሪኑን የሞላው ጣቱ ነው፣ ከድራሙ አንድ ምት ቀድሞ የሚሮጥ ጣት። አስደገማት። ደግሞ አስደገማት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጊታሩን ወደ ኋላ ሳቢው።»

«እስበዋለሁ። ግን መግቢያው ላይ ጣትዎ መቆረጥ አለበት። እዚያ ላይ ለአፍታ ሕዝቡን እናሳያለን።»

«ጣቴ ላይ መቀስ አታሳርፊም!»

 እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። እሱ ወደ እኔ ሳይዞር ጠየቀ...

«ስትሸፍንልኝ ነበር?»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰርጋችሁ በፊት ጀምሮ።»

ሴትየዋ ሳቋን በሳል አሳበበች። እሱ ቁና ቁና ሲተነፍስ ቆየና «የድሮውን ድራም መልሺው» ብሎ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እኔም አልጠበቅኩም... ውሸት ነው፣ ጠብቄ ነበር።

ኅዳር 20
ዲቪዲው ወጣ። ድራሙ የራሴ ነው፣ ከዋጥኳት ምት ጋር። ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ ስገባ ፋርማሲስቱ አይቶት ኖሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ። «ረጅሙ ላይ አንዲት ምት አመለጠችህ አይደል? አርጅተሃል!»

ድሮ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። «ባለጊታሩን ጠይቀው፣ እሱ ያስረዳሃል» አልኩትና ቅባቴን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 23
ልምምድ። ከዚያ ወዲህ ከጌቶች ጋር ሰላምታ እንኳ የለንም። ቤዝና ኪቦርድ ተጫዋቾቹ በመሀላችን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይቁለጨለጫሉ። ረጅሙን ጀመርን። እነሱ ዝም አሉ፣ እኔ ሰባቱን ያዝኩ።

እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የጌቶችን ጀርባ እንጂ ፊት አይቼ አላውቅም። ዛሬ ዞረ። ከነጊታሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ እጁን ክሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን አገጬ ላይ ተክሎ ቆመ። መግቢያውን እንዳሳየው ነው የሚጠብቀው።

አልራራሁለትም። ዙሩ አለቀ፣ እሱ አልገባም። ሌላ ዙር ጨመርኩ፣ አሁንም አልገባም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ንቅንቅ አላለም።

ሲበቃኝ አገጬን ዝቅ አደረግኩለት። ልክ «አንድ» ላይ ገባ።