በዳንቴል የተዘጋ ዋይርለስ

ለውድ እህቴ ለአባይነሽ፣

እታለም፣ የጌታ ሰላም ካንቺና ከቤትሽ አይራቅ። ጤናሽ እንዴት ነው? የአሶሳ ሙቀት በረድ አለልሽ? ሆስፒታሉስ ተረኛነቱን ቀነሰልሽ ወይስ አሁንም እግርሽ ያብጥብሻል? ጋሽ ዮሴፍ ከተማሪዎቹ ጋር እንዴት ሆኖ ነው? ሜላት በታናሽ እህቷ ቀንታ አሻንጉሊቷን ከጄሪካኑ ኋላ ደበቀችባት ብለሽ የጻፍሽውን ለእማዬ ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣልኝም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን ቦምቤ፣ እነእማዬ ቤት ነው የዋልነው። እማዬ የበዓሉን ምግብ ሙቹዋውን ስታቀርብ «ይሄ የአባይነሽ ነው» ብላ ድርሻሽን ለብቻው አስቀመጠች። በማግስቱ እኔ በላሁልሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ያ ሥራ ጀመርኩበት ያልኩሽ የልማት ቢሮ በጊዜያዊነት የያዘው ሁለት ሰው ነው፤ እኔንና ብሩክታይትን። ቋሚው የኮምፒውተር ባለሙያ ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ብሩክታይት የጉኑኖ ልጅ ነች፤ የጨረሰችው በዲፕሎማ ነው። እኔ በዲግሪ። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት ጊዜ ያህል ሳልነግራት አልቀረሁም።

ከውጭ አምስት ላፕቶፖች በእርዳታ መጡልን። ጸሐፊያችን ወ/ሮ ፈጠነች፣ የስልኩንም የፕሪንተሩንም ዳንቴል የሠሩት ሴትዮ፣ ለላፕቶፖቹም ልክክ ያለ የዳንቴል ልብስ ሠሩላቸው። ከሥራ መውጫ ላይ ለብሰው ቁም ሳጥን ይገባሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ወልደመስቀል ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት ዋይርለሱ አልሠራ አለ።

እኔ ሆዬ ዘልዬ ወደ ውስጡ ገባሁ። ድራይቨሩን ቀየርኩ፤ ሁለቴ ፎርማት አደረግሁት፤ በመጨረሻም ሊነክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩበት። ሊነክሱማ በማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቷል ብሎ በግልጽ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ ግን ማሽኑ የተሳሳተ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ከአዲስ አበባ ይምጣልን ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ።

ብሩክታይት ምንም ነገር አልፈታችም። ወ/ሮ ፈጠነች ልብሱን ሲያወልቁለት አጠገባቸው ቆማ አየች፤ በቃ። ላፕቶፑ በፊት ለፊት ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አለችው። የዳንቴሉ ቀዳዳ እሷን እየያዘ ወደ ግራ ይጎትታታል ለካ። ብሩክታይት በጣቷ ወደ ቀኝ ገፋ ስታደርጋት ሰማያዊዋ መብራት ቦግ አለች። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወልደመስቀል «ሚልክያስ፣ ዲግሪህን ዳንቴል በላው አይደል?» አሉኝ። ወ/ሮ ፈጠነች ደግሞ «ተዉት ልጄን፣ ለዲግሪውም አንድ ልብስ እሠራለታለሁ» ብለው ጨረሱኝ።

እታለም፣ ቅናት ሰውን እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ሰላምታዋ ያናድደኝ ጀመር። የጫማዋ ድምፅ ያናድደኝ ጀመር። «ዋይርለስ ከጠፋ ማብሪያዋን ወደ ቀኝ ይግፉ» ብላ ጽፋ፣ ከታች ስሟን አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ። ጽሕፈቷ ደግሞ ሲያምር!

በንዴት ስለዚህች ማብሪያ ያላገላበጥኩት ጽሑፍ የለም። ለካ መዝጊያው ሁለት ነው። አንደኛው በእጅ የሚዘጋው ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መዘጋቱን ያያል፣ ይናገራል፣ መክፈት ግን አይችልም። የሚከፍተው እጅ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ራሱ ሲስተሙ ይዘጋዋል፣ ራሱ ይከፍተዋል፤ ኪቦርዱ ላይ የአንቴና ሥዕል ያለባትን ቁልፍ ስትጫኚ ማለት ነው። የኛው ላፕቶፕ ደግሞ ጠፍቶ ቢነሣም በቁልፏ መዘጋቱን አይረሳም። አንዱ ብቻ ቢከፈት ዋጋ የለውም። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እሷ አታውቀውማ!

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ላፕቶፖቹን እንድታዘጋጅ የታዘዘችው ብሩክታይት ነበረች፤ ቋሚው ቦታም ከጉብኝቱ በኋላ ይወሰናል ተብሏል። ረቡዕ ሁላችንም ልንወጣ ስንል አቶ ወልደመስቀል ላፕቶፓቸው ላይ የከፈቱትን መዝሙር ድምፅ እቀንሳለሁ ብለው ሲነካኩ የአንቴናዋን ቁልፍ ተጫኑ። መብራቷ ጠፋች። እሳቸው ልብ አላሉም፤ እኔ አይቻለሁ። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ብሩክታይት የአቶ ወልደመስቀልን ላፕቶፕ ከፍታ ማብሪያዋን ወደ ቀኝ ገፋች፤ አልበራም። ወደ ግራ መልሳ ወደ ቀኝ፤ አልበራም። እንግዶቹ ወንበር ይዘዋል። ግንባሯ በላብ ርሶ ወደ እኔ ዞረችና በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ፣ ሚልኪ የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን እንግዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ በአማርኛ «ማስታወቂያሽን አንብቢዋ!» አልኳት።

ወዲያው አቶ ወልደመስቀል ጠሩኝ። ቁልፏን አንዴ ተጫንኩ፤ በራ። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ። አቶ ወልደመስቀልም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ዲግሪ ማለት ይሄ ነው አሉ። የቅጥር ደብዳቤህን ሰኞ ትወስዳለህ ተብያለሁ። የብሩክታይት ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

ትናንት ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ማስታወቂያዋን ከግድግዳው ነቅላ መጣች። «እኔ ስሄድ ሰው እንዳይቸገር ሁለተኛውንም ንገረኝና ልጨምርበት» አለችኝ። እኔም እንደ እሷ እዚያው ቆሜ ያገኘሁት ነው የመሰላት። ነገርኳት፤ ጻፈች። ከስሟ ጎን የኔንም ስም አስገባች። ያኔም ቢሆን፣ እታለም አልደብቅሽም፣ ስሜን ከእኔ አሳምራ መጻፏ አናደደኝ። ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ሰኞ ግን ደብዳቤውን ከመቀበሌ በፊት፣ እሷ ባለችበት፣ ከረቡዕ ጀምሮ አውቅ እንደነበር ለአቶ ወልደመስቀል እናገራለሁ። ቦታውን ለእሷ ከሰጡት እኔ ቦምቤ ተመልሼ እንደገና የሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ ልከርም ነው፤ እማዬም ታዝናለች። እንዳልፈራ ብዬ ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ። አንዴ ከእጄ ከወጣ፣ ሰኞ ዝም ብል አንቺ ታውቂያለሽ።

አባዬና እማዬ በጣም ናፍቀውሻል፤ ሰላም ይሉሻል። ጋሽ ዮሴፍን በትልቁ ሰላም በይልኝ። የቤት አከራያችሁን ወ/ሮ ብርሃኔን እግዜር ይስጥልን በያቸው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሜላትን ደግሞ ስለ አሻንጉሊቷ አትቆጫት፣ አንቺም አውጥተሽ አትስጪ፤ በራሷ እጅ እስክታወጣው ጠብቂያት። አጎትሽም እየሞከረ ነው በያት።

ወንድምሽ ሚልክያስ

ወላይታ ሶዶ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.