ረቢዓ ከጅቡቲ ባሕር ሥር ያየችው

ውባንችዬ፣ ዋና የማልችለው እኔ ዛሬ የጎማ ቀለበት አቅፌ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ፊቴን ነከርኩ። አምና ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቆ፣ እንደ ቁጥቋጦ የሚበቅለው ኮራል የሚሉት የባሕር ፍጥረት ሁሉ ታሞ ነጥቶ ነበር አሉ። የባሕር ተመራማሪዋ ኢልሃም ኮራል እንዲይዝበት ባሰጠመችው የሲሚንቶ ብሎኬት ላይ ግን ኮኪት እንዳለው የሰሊጥ ማሳሽ ቁመቱ እኩል የሆነ ኮራል በቅሏል።

«ይኼስ ኮራሉ በተፈጥሮ ከሚበቅልበት ከጥንቱ አለት ይሻላል» አልኳት።

ሳቀችና ወደ አለቱ ወሰደችኝ። እዚያ ኮራሉ የሚያገግመው ቀስ ብሎ ነው፤ ዓይነቱ ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

«የብሎኬቱም ዘር ተንሳፎ የመጣው ከዚህ ነው» አለችኝ።

ችግኝ ተክያለሁ፣ ይበቃል ብለሽ የማሳሽን ዳር ጫካ ልታስመነጥሪ መነሳትሽ ትዝ አለኝ። እባክሽ ተይው። እናትሽን እማማ የዓለምወርቅን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሻሼ ሳይደርቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ወደ እናንተ ለሚመጣው ሾፌር ለሳሊም የሰጠሁት ጫካውን የሚመነጥረው ትራክተር እንዳይቀድመኝ ነው።

ረቢዓሽ