ፀሐያችንን ለጎረቤት ለሰጠው ባለቤቴ

አያሌው፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ የአንተ ደኅንነት ከእኔ እጅ ከወጣ ዓመት አልፎ ሁለተኛው መስከረም ጠብቷል። ሙት ዓመትህን በወግ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱ ጸልየዋል፣ ዕድርተኛው በልቷል፣ በቅጡ የማያውቁህ ሰዎች ሳይቀሩ አመስግነውሃል። አሁን ሁሉም ወደየቤቱ ስለሄደ እውነቱን ልንገርህ፦ ተናድጄብሃለሁ።

የአቶ ደምሴ ፎቅ አለቀ። አንተ መሠረቱ ሲቆፈር አይተህ ሄድክ፤ ጣሪያውን ለማየት የተረፍኩት እኔ ነኝ። ስፌት መኪናዬ ባለበት መስኮት ፊት ለፊት ግራጫ ግንብ ቆሟል። ምድር ቤቱ የሠርግ አዳራሽ ሆኗል።

ያን እሑድ መቼም አትረሳውም። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። አቶ ደምሴ አጥራችን ድረስ ተጠግቶ ለመሥራት የጎረቤት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ሰዎቹ ልጅ ለመጠየቅ የመጡ ይመስል በሩ ላይ ተገተሩ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም፣ መምህር» አሉህ። አንተ ደግሞ ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይሆንልህም። «ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ! ፈቅጃለሁ» አልክ። ሦስት ወንበር ለማስያዝ አንድ ፀሐይ ሰጠህ!

ሌላ ሰው ቢሆን አላወቀም እል ነበር። አንተ ግን ዕድሜ ልክህን ፊዚክስ ያስተማርክ ሰው ነህ። ክፍል ውስጥ አልበቃህ ብሎ የድምፅንና የብርሃንን ነገር ለእኔም አልጋ ላይ ስታስተምረኝ ኖረሃል። እንጦጦ ላይ መብረቅ ሲበርቅ «ልብሱን ከገመድ ላይ አውርድ» ስልህ፣ ጣትህን ቀስረህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ትቆጥር ነበር። «ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፣ ድምፁ ግን ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ገና ሩቅ ነው፣ አትቸኩዪ» ስትለኝ አንሶላዬ ይበሰብስ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ከአጥሩ ጀርባ ሆነህ ጠራኸኝ። «ድምፄን ትሰሚያለሽ፣ መልኬን አታዪም። ለምን?»

«አጥር ስላለ ነዋ!» አልኩህ። አልበቃህም። የድምፅ ሞገድ ክንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከሰው ቁመት በላይ ስለሚረዝም ግንብ ሲያጋጥመው ዞሮ ይመጣል፤ የብርሃን ሞገድ ግን ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፣ ከግንቡ ኋላ የሚተርፈው ጥላ ነው አልከኝ። ይህን እያወቅህ ነው እሺ ያልከው!

እንኳን ደስ አለህ፣ ትምህርትህ በተግባር ተፈትኖ መቶ ከመቶ አግኝቷል። ብርሃኑ ከግንቡ ማዶ ቀርቷል፣ ድምፁ ዞሮ ቤቴ ገብቷል። ያውም ቀጭን ቀጭኑ እዚያው ይቀርና ሞገዱ ረጅም የሆነው፣ ዱም ዱም የሚለው ብቻ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እንደሚያገባ አውቃለሁ፤ ማን እንዳገባ፣ ምን እንደተዘፈነለት ግን አይሰማኝም። ብርጭቆዎቼ ግን መደርደሪያው ላይ እስክስታ ይመታሉ። የማንም ሠርግ እንዲህ ግንብ ዞሮ ሲመጣ የአንተን ድምፅ ምን ያዘው፣ አያሌው?

በጨለማ ጥልፍ አይጠለፍም። አምፖል ባበራ፣ ያ ቢጫ አምፖል ከፀሐይ ቀለማት ሰማያዊውን እጅግ አሳንሶ ነው የሚያመጣው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ክር አንድ ሆኑብኝ። ለአንዲት ሙሽራ ሰማያዊ ጥለት ጠልፌ በማግስቱ ደጅ ሳወጣው ግማሹ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ አየት አደረገችውና «እትዬ፣ ለሠርጌ ነው ለቀብሬ?» አለችኝ።

ልጃችን ትዕግሥት ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ ቤቱን ሽጪና አያት ሰፈር እኛ ጋ ነይ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ፀሐይ ሞልቷል» አለች። አቶ ደምሴም ገዢ እንደማላጣ በትሕትና ነግሮኛል፤ ገዢው ራሱ ነው። እኔ ግን ይህን መኪና ከዚህ መስኮት ካነሣሁ፣ ከሰፈራችን ከየካ ሚካኤል የምነሣው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ካስተማርከኝ ውስጥ የሚጠቅም ነገር ፈለግሁ። ጠዋት ጠዋት በፎቁና በወዲያኛው ጎረቤት አጥር መካከል ፀሐይ ሾልካ የግቢያችን በር ጥግ ላይ ታርፋለች። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው የሚመለሰው ትል አልነበር? የቁም ሣጥናችንን መስታወት ነቅዬ ጥጉ ላይ አቆምኩት። መጀመሪያ ስቼ ብርሃኑን አቶ ደምሴ ቢሮ አስገባሁት። ሰውዬው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ በመስኮት ብቅ አለ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ዓይኔን አጠፉኝ እኮ!»

«ይቅርታ፣ አቶ ደምሴ! የእርስዎው ፀሐይ ናት፣ እየመለስኩልዎ ነው!»

ትንሽ ባዞረው ብርሃኑ መኪናዬ ላይ ዘፍ አለ። ሰማያዊው ሰማያዊ ሆነ።

እሑድ እነዚያው ሽማግሌዎች መጡ። መስታወቱ የሠርገኛ ዓይን ይወጋል፣ ለጉርብትና ሲባል ይነሣ አሉኝ። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አሉ። «እንዳላችሁ» ብዬ ጥልፌን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ጉልበቱን እያሸ ተቀመጠ፤ ሁለቱም እሱን እየገላመጡ ተከተሉት።

«መምህር በሕይወት ቢኖር እሺ ይለን ነበር» አሉኝ በመጨረሻ።

ደሜ ፈላ፤ እውነት ነዋ! «አዎ፣ ይላችሁ ነበር» አልኳቸው። «ስለዚህ ነው የዛሬውን እኔ የምመልሰው። አይነሣም።»

ለትዕግሥት፣ አያት ሰፈር እንደማልመጣ ነገርኳት። ፀሐይ ግን አንድ ቦታ አትቆምልኝም፤ ጥቂት እንደጠለፍኩ ብርሃኑ ከጨርቁ ላይ ይንሸራተታል፣ እኔም ተነሥቼ መስታወቱን አዞራለሁ። በተነሣሁ ቁጥር «አያሌው፣ ምነው ያን ቀን አፍህ በተያዘ!» እላለሁ። ሌላዋ ሚስት በዓመት አንዴ ጧፍ ታበራልህ ነበር። እኔ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር፣ ጠዋቱን ሙሉ እየተነሣሁ ስምህን ጠርቼ እቆጣሃለሁ። እንዴት አድርጌ ልርሳህ!

ብዙነሽ