ባዶው ወርቅ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? አሁንም እህል ሳትቀምስ ላቦራቶሪ ትገባለህ አሉ። እኔ ደህና ነኝ። አይክፋህና፣ ካንተ ከተለየሁ ወዲህ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።

ለሽልማቱ እንኳን ደስ አለህ። ንግግርህን በቴሌቪዥን አየሁት። ወርቅ ላይ እንደ ዶቃ በሰንሰለት የተደረደሩት የካርቦን ሞለኪውሎች ኤሌክትሮኖቻቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚያንሸራሽሩ ስታስረዳ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበልህ። የመንሸራሸራቸው ማስረጃ ናት ያልካትን ያቺን ደማቅ የመለኪያ መስመር በትልቁ ስክሪን ስታሳይ ወዲያው አወቅኳት።

መቼም አትረሳውም። ልጃችንን ወልጄ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን፣ ይህቺ መስመር የሰንሰለቱ ሳትሆን የራሱ የወርቁ እንዳትሆን፣ እስቲ ሞለኪውል ያልነካውን ባዶ ወርቅ እንለካው ብዬህ ነበር። በመለኪያ ማሽኑ ሰዓት አልጫወትም አልክ። ደግሜ ስጠይቅህ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ ሌሎቹ ዞረህ፣ ወተቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት ነው አልካቸው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ጡቴ ሸሚዜን አርሶት ነበር።

ከዚያ ስሜ አብረን ከሠራነው የምርምር ጽሑፍ ወጣ፣ እኔም ከቤትህ ወጣሁ። ይኸው ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

ልጅህ ግን ያንተን መንገድ መረጠች። አልከለከልኳትም። የአባዬን ሥራ ደግሜ ልሥራው ስትለኝ፣ ጎበዝ፣ ከባዶው ወርቅ ጀምሪ አልኳት። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ጀመረች። ወርቁን አጽድታ፣ አንድም ሞለኪውል ሳታሳርፍበት ብርሃን አበራችበትና የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ለካች። መስመሯ እዚያው ቁጭ ብላለች። ሰንሰለቶቹን ደርድራ ስትለካም ያችው ናት። ያንተ ሰንሰለቶች ምንም አላንሸራሸሩም፤ ዝም ብለው ነው ተኝተው የከረሙት።

ደውላልኝ፣ እማዬ፣ ከሰው አፍ ከሚሰማው እኔው ልንገረው አለችኝ። አንቺ ተዪው፣ እኔ እጽፍለታለሁ፣ ከኔ ቢሰማው ይቀለዋል አልኳት። አመነችኝ። ገና ዛሬ የምጽፍልህ ይህ ደብዳቤ የዚያን ሰሞን የደረሰህ ይመስላታል። እስክትደውልላት ስትጠብቅ ከረመች። መድረክ ላይ ስትወጣ ስታይህ ደግሞ፣ እያወቀ እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብላ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። አጽናናኋት። አባትሽ እንዲህ ነው አልኳት።

ጽሑፏ በዚህ ሳምንት ይወጣል። ከመላኳ በፊት አሳዘንካትና፣ የአባዬን ስም ከስሜ ላውጣው እንዴ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምን በወጣሽ፣ አባትሽ አይደለም እንዴ አልኳት። ስለዚህ አትስጋ፤ ጽሑፍ የሚጠቀሰው በአባት ስም አይደል፤ ሥራህ የወደቀበትን ጽሑፍ የሚጠቅስ ሁሉ የሚጠራው በአንተ ስም ነው።

ደብዳቤው ገና አሁን ደረሰኝ ብለህ ልትነግራት ትችላለህ። ሞክር።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ። ዕድሜው በተለይ ረጅም ይሁንልህ።

የልጅህ እናት